ክረምቱ ይለፍና ይለጠፍ

እሷ፦ ዳሞት ሶሬ፣ ጉኑኖ ላይ ብሎኬት ቤት ያቆመ ሰው ውስጡን በሲሚንቶ ከሚያስለስን ጂብሰም ቦርድ በማጣበቂያ ቢለጥፍበትስ?

እሱ፦ መጀመሪያ ክረምቱ ይለፍ! ብሎኬቱ እርጥበት ከያዘ ቦርዱ ይላላል፣ ይሻግታል።

እሷ፦ በጋ ላይ ታዲያ ጣጣ የለውም በለኛ።

እሱ፦ አቧራው አለልሽ። ደረቅ ብሎኬት ደግሞ የማጣበቂያውን ውሃ ቶሎ ይመጠዋል። ተጠርጎ ፕራይመር ይቀባ። ጂብሰም ማጣበቂያው በቦርዱ መሀል ላይ ጉርሻ ጉርሻ እየተደረገ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ግን ሳይቋረጥ ነው የሚሄደው፣ አለዚያ ከኋላው አየር ይመላለሳል። ከዚያ በስታጃ ጫን ጫን እያደረጉ በውሃ ልክ ማየት ነው።

እሷ፦ ወለሉ ጋ ይነካል?

እሱ፦ የለም! ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተዋል፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ ይጠጣላ። ክፍተቱን ዞኮሎ ይሸፍነዋል።

እሷ፦ ቴሌቪዥን ልሰቅል ብልስ?

እሱ፦ ቦርዱን አልፎ ብሎኬቱን የሚይዝ ረጅም ፊሸር ያስፈልግሻል።

እሷ፦ የእኛ ሰው ግን ጭቃ ቤትም አለው።

እሱ፦ እዚያ ላይ ማጣበቂያ አልመክርም። የሚረግፍ ጭቃ ቦርዱን ይዞ ይወርዳል። የእንጨት ወይም የብረት ፍሬም ይሠራለትና በብሎን ይታሰር።