በሩ ይከፈት፤ ቁልፉ ግን በእጃችን ይሁን
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የውጭ አገር ባለ ገንዘብ ወደ አገራችን ሲመጣ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «በሩን በሰፊው ክፈቱለት» ይላል፤ ሁለተኛው «አገር ሊወስድ ነውና ዝጉበት» ይላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመመርመር የሚወድ ሰው እስከ አቃቂ በሰቃ ቢወርድ ይበቃዋል። በዚያ አሮጌው ሐዲድና የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሁለት ትምህርት ይሰጡታል።

የመጀመሪያው የሐዲዱ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ሐዲዱን የሚሠራው የነጋዴዎች ኩባንያ እንጂ የባዕድ መንግሥት አልነበረም። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጠው ተዋዋለ፤ በዚሁም ምክንያት በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ውል አልተጠየቁም። በነጋዴ ስም የገባው ሐዲድ የባዕድ መንግሥት ክንድ ወደ መሆን ማዘንበሉን ባዩ ጊዜ ተቆጡ፤ ሥራውም ከድሬ ዳዋ ሳያልፍ ለዓመታት ቆመ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉም ሐዲዱ ከውላቸው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ባቡሩ በአቃቂ በኩል አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ሐዲዱ ጠቅሞናል፤ ማንም አይክደውም። ያስቸገረን ኩባንያው ነገ በማን እጅ ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ አለመታሰሩ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የፋብሪካው ነው። የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና የአቃቂን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቆመ፤ ለብዙ ቤተ ሰብም እንጀራ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ግን ወታደራዊው መንግሥት ከሌሎች ብዙ ድርጅቶች ጋር ወረሰው። መውረስ የአንድ ቀን አዋጅ ነው፤ ያረጀውን መኪና የሚተካ ገንዘብና ዕውቀት ግን በአዋጅ አይገኝም። የተወረሰ ሰው ወሬም ሩቅ ስለሚሄድ፣ ሊመጣ ያሰበውን ሁሉ ከመንገድ ይመልሳል።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. አሜሪካ ሌላ መንገድ መረጠች። የነዳጅ ዘይት ሻጮች ገንዘብ ወደ አገሯ በመፍሰሱ ብትሠጋም በሩን አልዘጋችም፤ የውጭ ገንዘብ በአገር ላይ የሚያመጣውን ነገር የሚመለከት ኮሚቴ አቋቋመች እንጂ። መርምሮ ማስገባትና ከገቡ በኋላ መንጠቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ነገር የዛሬም ጉዳያችን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 የጦር መሣሪያንና የጥይትን ሥራ ባለ ገንዘቡ ከመንግሥት ጋር በሽርክና ብቻ እንዲሠራው ወሰነ። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የቴሌኮም ፈቃድ ተቀበለ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። የሕዝብ ቃልና የሕዝብ ገንዘብ የሚያልፉባቸው መንገዶች ከሐዲድ የሚያንሱ አይደሉም።

ስለዚህ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። የገንዘቡ እውነተኛ ባለቤት ማን ነው? ድርሻውን ያለ ፈቃዳችን ለሌላ ሊያሳልፍ ይችላልን? በጭንቅ ቀን ሥራውን የሚያዝዘው ማን ነው? ለነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚፈርም ሹም፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የፈሰሰውን ሲለቅም ዘመኑ ያልቃል።

ከተፈረመ በኋላ ግን ቃላችን ይከበር። አገር በሁለት ነገር ትጠበቃለች፤ ከፊርማ በፊት በሚደረግ ጥንቃቄና ከፊርማ በኋላ በሚጸና እምነት። በሐዲዱ ዘመን የፊተኛው ጎደለን፤ በፋብሪካው ዘመን የኋለኛው ጎደለን። እናንተም ስለ አዲስ ውል በጋዜጣ ስታነቡ የገንዘቡን ብዛት ብቻ አትመልከቱ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች መመለሳቸውን ጠይቁ።