የቅዳሜ ማታና ዕድሜ



በኮልፌ ቀራንዮ ቅዳሜ ማታ ለሁሉ አንድ አይደለም። ሕፃኑን እናቱ አጥባ ታስተኛዋለች፤ ወጣቱ ኳስ ከሚታይበት ቤት ወደ ሙዚቃው ይሻገራል፤ ባለትዳሩ የነገውን የዕድር ስብሰባ እያሰበ በጊዜ ይገባል፤ ሽማግሌው ጸሎቱን ወይም ሶላቱን አድርሶ ይተኛል። ይህን አይተን «ዕድሜ ጨዋታን ያስረሳል» ብለን እንፈርዳለን።

ነገር ግን በ1970 ዓ. ም. የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት አልፎታል። የጉብዝናው ቅዳሜ በደርግ የሰዓት እላፊ የተቆረጠ ነበር፤ ወይ ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ቤት መሮጥ፤ ወይም በር ተዘግቶ እስኪነጋ ባሉበት መቆየት ነው። በቀይ ሽብር ወራትማ ልጇ በጊዜ ያልገባላት እናት እንቅልፍ አልነበራትም። እንግዲህ ያን ትውልድ በጊዜ መግባትን ያስተማረው እርጅና ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ስናመሽ ደጅ ቆመው የሚጠብቁንን ወላጆችና አያቶች «ዘመኑ አልገባቸውም» አንበል። አንዱን ቅዳሜ ማታ አብረናቸው ቡና ጠጥተን ስለዚያ ጊዜ እንጠይቃቸው። የእኛም ቅዳሜ ነገ መለወጡ አይቀርም፤ የሚለውጠው ግን ዕድሜ እንጂ ፍርሃት እንዳይሆን እንትጋ።