የመጻሕፍት ጠባቂው ትምህርት አያልቅም
(ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራውን ሳያቋርጥ ትምህርቱን እንዴት ሊቀጥል እንደሚችል፣ ለዚህም የእጅ ስልክና የማኅበራዊ መገናኛ ዘዴ ምን ያህል እንደሚረዳው የሚመለከት ነው። ነገሩ የቤተ መጻሕፍት ሰዎችን ብቻ የሚነካ የሚመስለው ቢኖር፣ በየትምህርት ቤታችን የመጻሕፍቱን ቁልፍ የያዘው ማን እንደ ሆነ ይመልከት። ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ያለው ከክፍል ሥራው በተጨማሪ በተመደበ በአንድ መምህር እጅ ነው። ይህ ሰው ስለ መጻሕፍት አመዳደብ ቢቸገር በግቢው ውስጥ የሚጠይቀው ባልደረባ የለውም። እንግዲህ የእርሱ ትምህርት ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ የምትሆነንን ከተማ ከሩቅ አገር አላመጣሁም። የጎረቤታችን የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ትበቃናለች፤ የቤተ መጻሕፍት በር መከፈቱ ብቻውን እንደማይበቃ ታሪኳ በግልጽ ያሳያልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በናይሮቢ መካከል በባንዳ መንገድ ላይ የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌዲ ሉሲ ማክሚላን ለሟች ባለቤታቸው ለሰር ኖርዝራፕ ማክሚላን መታሰቢያ እንዲሆን አሠርተውት በ1931 ተከፈተ። ተከፈተ ስንል ግን ለአውሮፓውያን ብቻ ነው። የአገሩ ተወላጅ እስከ 1958 ድረስ በድንጋይ አንበሶቹ መካከል ዐልፎ በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ለማንበብ አልተፈቀደለትም። በ1962 ቤቱ ወደ ከተማው ምክር ቤት ተዛወረ፤ በካሎሌኒና በማካዳራ ያሉት ቅርንጫፎችም አብረውት ይቆጠራሉ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን መደርደሪያው የቀድሞዎቹን አንባቢዎች ፍላጎት ተከትሎ እንደ ተደረደረ ቀረ። በ2017 አንጄላ ዋቹካ የተባሉት የመጻሕፍት አሳታሚና ዋንጂሩ ኮይናንጌ የተባሉት ደራሲ ቡክ ባንክ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። በማግሥቱ ዓመት ከናይሮቢ አስተዳደር ጋራ ተስማምተው ሦስቱን ቤቶች ለማደስ ተነሡ። ግንቡን ማደስ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የትኛው መጽሐፍ ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ፣ የአገሩስ መጽሐፍ በየት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን የመጻሕፍት ጠባቂውን ዕውቀት ይጠይቃል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባወጣው የመጻሕፍት አመዳደብ ሥርዐት ከ800 እስከ 899 ያለው ቁጥር ለሥነ ጽሑፍ የተሰጠ ነው። እንግሊዝኛ 820ን፣ ጀርመንኛ 830ን፣ ፈረንሳይኛ 840ን ይዘው ዐሥር ዐሥር ቁጥር ደርሷቸዋል። ስዋሂሊ ግን ከብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ጋራ በ896 ሥር ተጨናንቋል፤ የእኛም አማርኛ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋራ በ892 ሥር ይገኛል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው መጽሐፉ በአገሩ ቋንቋ የሆነ ትምህርት ቤት ረጅምና አስቸጋሪ ቁጥር በየመጽሐፉ ጀርባ ለመለጠፍ ይገደዳል። ሥርዐቱ ራሱ ለአገሩ ሥነ ጽሑፍ ቅድሚያ ሰጥቶ በ810 ለማስቀመጥ የሚያስችል አማራጭ መንገድ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ይህን ችግር በአንድ ቀን ይፈታዋል። የማያውቀው ግን ዕድሜውን በሙሉ ይደክማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚጠየቅ ባልንጀራ ማግኘትና ማጣት ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ መባሉም ለዚህ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። በ1956 የጋራ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማኬሬሬ የሙያው ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። የኬንያ ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1965 በሕግ ተቋቋመ። በ1984 የዓለም የቤተ መጻሕፍት ማኅበሮች ፌዴሬሽን ጉባኤውን በናይሮቢ አደረገ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጉባኤ በዓመት ወይም በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ሲሆን፣ ችግሩ ግን የየዕለት ጎረቤት ነው። በ1996 በጋሪሳ መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደሩ መንደር የማድረስ ሥራ ሲጀመር፣ በበረሃ ላይ ያለው ሠራተኛ ጥያቄውን ለባልደረባው ለማድረስ ከደብዳቤ የተሻለ መንገድ ብዙም አልነበረውም።

ዛሬ በኬንያ በዋትስአፕ፣ በአገራችንም በቴሌግራም፣ የአንድ ሙያ ሰዎች በአንድ ቡድን ተሰብስበው ይነጋገራሉ። ጠዋት የተጠየቀው ጥያቄ ከቀትር በፊት መልስ ሊያገኝ ይችላል። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ለአስተማሪውም ለመጻሕፍት ጠባቂውም ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ እንደ ሆነ ታወቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

አንዳንድ ታላላቆቻችን ስልክ ጊዜ አባካኝ ነው ይላሉ። አባባላቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ጨዋታና ሰላምታ የሚበዛበት ቡድን ትምህርት ቤት አይባልም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ የተገኘውን መልስ መመዝገብ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ሠራተኛም ይዛወራል። ጠቃሚው መልስ ከነቀኑ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ካልተጻፈ፣ ተተኪው ያንኑ ጥያቄ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

ሁለተኛው፣ መልሱን መመርመር ነው። ፈጥኖ የመጣ መልስ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ሌላውን ከምንጩ እንዲያጣራ የሚያስተምር ሰው እርሱ ራሱ ሳያጣራ ሊያስተላልፍ አይገባውም። ባለመብቱ ያልፈቀደውን መጽሐፍ አባዝቶ በቡድን መበተንም ደራሲውን መዝረፍ ነው እንጂ ዕውቀት ማስፋፋት አይደለም።

ሦስተኛው፣ የአንባቢውን ምስጢር መጠበቅ ነው። አንድ ተማሪ ምን መጽሐፍ እንደ ተዋሰ፣ ስለ ምን ሕመም ወይም ስለ ምን ችግር እንዳነበበ፣ ፎቶግራፉም ጭምር፣ ያለ ፈቃድ በአደባባይ የሚወጣ ነገር አይደለም። ኬንያ በ2019 የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ልጁ ዳግመኛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንዳይመጣ ለማድረግ አንድ ጊዜ ማሳፈር ይበቃል።

ክቡራን ኀላፊዎች ሆይ፣ የሚጠየቀው ወጪ ከባድ አይደለም። ለመጻሕፍት ጠባቂው መምህር በሳምንት አንድ ሰዓት ለትምህርቱ ይመደብለት፤ የኢንተርኔቱ ሒሳብ ከደመወዙ አይነሣ። የአንድ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች በስልክ የጀመሩትን ውይይት በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገናኝተው ይፈጽሙት። የተማረውም በሹመት ጊዜ ይታሰብለት። ካልሆነ በብዙ ድካም የገዛናቸው መጻሕፍት ቁልፍ ባይኖርባቸውም እንደ ተቆለፈባቸው ይቀራሉ።

የማክሚላን ቤት በአብዛኛው የከተማው ሕዝብ ላይ በሩን ዘግቶ በተመረቀበት በዚያው በ1931፣ ራንጋናታን የተባሉ ሕንዳዊ ሊቅ በማድራስ ስለ ቤተ መጻሕፍት አምስት ሕጎች ያሉት መጽሐፍ አሳተሙ። ከሕጎቹ የመጨረሻው ቤተ መጻሕፍትን ከሚያድግ ሕያው ፍጥረት ጋራ የሚያስተያይ ነው። ሕያው የሆነ ነገር የሚያድገው ሲመገብ ነው፤ የቤተ መጻሕፍትም ምግቡ የጠባቂው ትምህርት ነው። በናይሮቢ በሩ እስኪከፈት ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ መደርደሪያውን ለአገሩ አንባቢ የማስተካከሉ ሥራ ደግሞ ከዚያ ብዙ የበለጠ ዓመት ጠይቋል። እኛም በየትምህርት ቤታችን የመጻሕፍቱን ቁልፍ ለያዘው ብቸኛ መምህር ባልደረባና ጊዜ ብንሰጠው፣ ተማሪዎቻችን ያን ያህል ዘመን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።