የብሳናው ፍሬና «አረንጓዴው» ካታሊስት
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ጓሯችን ውስጥ ብሳና ነበር። ጥላው ለእኛ፣ አበባው ለንብ፤ ፍሬው ግን መሬት ላይ ፈሶ ይቀራል፣ አይበላማ! ለመመረቂያ ጥናቴ ከዚያ ፍሬ ዘይት ጨምቄ በናፍጣ ፈንታ የሚነድ ባዮዲዝል ልሠራ ተነሣሁ።

አሠራሩ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ዘይቱን ከሜታኖልና ከካታሊስት ጋር ታሞቁታላችሁ፤ ባዮዲዝሉ ከላይ፣ ግሊሰሪኑ ከታች ይለያል። እኔም የተለመደውን ኮስቲክ ሶዳ ጨመርሁ። ጠዋት ቤተ ሙከራ ስገባ የጠበቀኝ ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ነው! «ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨቱ ሁሉ ማን አስተማረና» ይባል የለ? ፍሬውን እርጥበት ያለው ክፍል ውስጥ ለወራት ስላቆየሁት ነፃ ፋቲ አሲዱ በዝቷል። ይህ አሲድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ካለፈ ሶዳው ወደ ሳሙና ይለውጠዋል።

ሰልፈሪክ አሲድ ይህን ይፈታል። ግን ብረት ይበላል፤ በመጨረሻም አሲድነቱን አጥፍቶ ቆሻሻውን አንድ ቦታ መድፋት ግድ ነው።

አዮኒክ ሊኩዊድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ፈሳሽ የሆነ ጨው ማለት ነው፤ ፓውል ዋልደን ገና በ1914 እ.ኤ.አ. በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ ጨው ገልጾ ነበር። አሲዳማው ዓይነት ዘይቱንም ነፃ አሲዱንም ወደ ባዮዲዝል ይለውጣል፤ ሳሙና የለም። ሥራው ሲያልቅ ከግሊሰሪኑ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ለይታችሁ፣ ውሃውንና ሜታኖሉን አትንናችሁ፣ ለቀጣዩ ዙር ትመልሱታላችሁ።

«አረንጓዴ» ያሰኘው አንዱ ነገር እንደ ተራ ማሟሚያ አለመትነኑ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃኝም። አንዳንዱ ዓይነት ውሃ ውስጥ ላለ ሕይወት መርዝ ነው፤ ዋጋውም ከሶዳ ጋር አይወዳደርም። ወደ ሰማይ ያልተነነው ከፈሰሰ ብር ወንዝ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ስሙ የሚገባው ከ10 ዙር በኋላ ስንቱ እንደተመለሰ ተመዝኖ ሲታይ ነው።

ለዘይቱም አዲስ እርሻ አንሻ። ቡሬ ላይ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ። የምግብ ዘይት ሲጣራ የሚወገደው ነፃ ፋቲ አሲድ ለሶዳ ጠላቱ ነው፤ ለአሲዳማው አዮኒክ ሊኩዊድ ግን ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

አሁን የምናዘዘው አለኝ። ያንን ሳሙና ጥናቴ ላይ አልጻፍሁትም፤ አፍሬ ነው። ከእኔ በኋላ የመጣው ተማሪ ያንኑ ሳሙና ደገመው፤ አንድ ሴሚስተሩን በላሁበት።

መምህራኖቼ፣ አደራ! የመጀመሪያውን ዙር ያማረ ውጤት ብቻ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ካለ፣ «ካታሊስቱስ የት ደረሰ? የተበላሸብህስ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።