የማሳህ ዳር የማን ነው?

እስቲ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚወስደውን መንገድ ግራ ቀኝ አስታውሱ። ቀድሞ ገብስና ድንች የበቀለበት ማሳ ዲከረንስ ለብሶ ነበር። ገበሬው ይተክል ነበር፤ በአራት አምስት ዓመት ቆርጦ ያከስል ነበር፤ ከሰሉም በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። በዚህ ስንቱ የሣር ጎጆውን በቆርቆሮ ቀየረ! መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ትጋትን አይጠላም።

በኋላ ግን በሽታ ገባና ዛፉን ያደርቀው ጀመር። «የኔ» ያልነው ሀብት በእጃችን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን። በሉቃስ ምዕራፍ 12 ያለው ባለጠጋም የተወቀሰው ስላመረተ አይደለም፤ ሁሉን ለራሱ ብቻ ስላከማቸ ነው እንጂ።

በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር እስራኤልን የእርሻቸውን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተዉ አዘዘ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የአንቺስ፣ የአንተስ ማሳ ዳር የማን ነው? በወንፈል አብሮህ የቆፈረው ጎረቤት አለ፤ መሬት የሌላት መበለት አለች፤ ደብተር ያጣ ልጅ አለ። መኪናው ሳይጫን የእነሱን ጆንያ ለይ። ሲተርፍ አይደለም፤ አስቀድመህ!

ጌታ ኢየሱስ ለእኛ ሲል ድሃ ሆኗል። እኛስ ለጎረቤታችን ምን ሆነናል? ዛሬውኑ መልስ እንስጥ። ጌታ ይርዳን፤ አሜን።