ከመካከላችን አንዱ

(በትምህርት ቤታችን የንግግር ክበብ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ደን ጥቅም ከተናገሩ በኋላ እኔ ስለ አንድ ጨዋታ ለመናገር መነሣቴ ቀልድ እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ። ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ለእኔም በተሻለኝ ነበር።

ጨዋታው «ዴድ ኦቭ ዊንተር» ይባላል፤ ብርዱ እጅግ የጠናበት ወራት ማለት ነው። የፈጠሩት ጆናታን ጊልሞርና አይዛክ ቬጋ ሲሆኑ፥ ፕሌድ ሃት ጌምስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. አሳተመው። ወደ እኛ የደረሰው የአንደኛው ጓደኛችን የአጎት ልጅ ለገና ከዋሽንግተን ሲመጣ ይዞት በመምጣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ሆነን በየቅዳሜው ማታ በዚሁ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰብ ጀመር።

ታሪኩ የሚያስፈራ ነው። ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን እየነከሱ ይገድላሉ፤ ጥቂት ሰዎችም ከሞት አምልጠው በበረዶ መካከል በአንድ ሰፈር ተጠግተው ይኖራሉ። ተጫዋቾቹ ከ2 እስከ 5 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰዎች ይዘው ይጀምራሉ። እነዚህንም ሰዎች ወደ ሆስፒታል፥ ወደ ነዳጅ ማደያ፥ ወደ ምግብ መደብር እየላኩ ለሰፈሩ የሚያስፈልገውን ያስፈልጋሉ። ሰው ከቦታ ወደ ቦታ በሄደ ቍጥር ባለ 12 ፊት ዳይስ ይጣላል፤ ከፊቶቹ በአንደኛው ላይ የጥርስ ሥዕል አለ። ጥርሱ ከወጣ የተላከው ሰው ወዲያው ይሞታል፤ በሽታውም በዚያው ስፍራ ወዳሉት ሰዎች ሊተላለፍ ይችላል። ይህን ስናወራ የጓደኛችን እናት ቆሎና ሻይ ይዘው ገብተው ሰምተውን ኖሮ፥ «በስመ አብ! ሙታን ከምታስነሡ ትምህርታችሁን ብታጠኑ!» ብለው አማትበው ወጡ። በረዶውም ቢሆን አስቸግሮን ነበር። በረዶ ስንል እኛ የምናውቀው በክረምት ጣራ የሚደበድበውን ነውና፥ አንዱ ጓደኛችን ሥዕሉን አይቶ «ይህ ሁሉ በረዶ ሲወርድ ቆርቆሮው እንዴት አልተበሳሳም?» ብሎ ጠየቀ።

የጨዋታው ልዩ ጠባይ ግን ሌላ ነው። በገበጣ ጠጠሩን ሁሉም ያየዋል፤ ባላጋራም ፊት ለፊት ተቀምጧል። በዚህ ጨዋታ ግን ሁሉም ለአንድ ሰፈር የሚደክሙ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱ ለብቻው ያነበበው አንድ ምስጢራዊ ዓላማ በእጁ አለ። ሰፈሩ ቢድንም የራሱን ዓላማ ያልፈጸመ ሰው አሸነፈ አይባልም። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት መሸነፍ ይችላሉ፤ በአንድነት ማሸነፍ ግን አስቸጋሪ ነው። ከምስጢራዊ ዓላማዎቹም መካከል የከዳተኛ ካርታ አለ፤ እርሱ የደረሰው ሰው የሚፈልገው የሰፈሩን ጥፋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ደኅና ካርታ ይወጣና አንድ የከዳተኛ ካርታ ይጨመርበታል። እኛ አምስት ስለ ሆንን ካርታዎቹ 11 ናቸው፤ የሚታደሉት ግን 5 ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ሳይገለጡ ወደ ሳጥኑ ይመለሳሉ። እንግዲህ ከመካከላችን ከዳተኛ የመገኘቱ ዕድል ከ11 እጅ 5 እጅ ነው፤ ይኸውም ከግማሽ ያነሰ ነው። ሒሳብ እወዳለሁ ባይ ስሆን ይህን ያሰላሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ማታ ልመለስ። መብራት ጠፍቶ በሻማ እንጫወት ነበር። የእኔ ምስጢራዊ ዓላማ በጨዋታው መጨረሻ ብዙ ነዳጅ በእጄ ይዤ መገኘት ነበር። በየዙሩ ደግሞ በሰፈሩ ላይ አንድ ችግር ይወርዳል፤ በዚያ ዙር የወረደው ችግር ነዳጅ የሚጠይቅ ሆነና እኛ አምስት ስለ ነበርን አምስት የነዳጅ ካርታ ያስፈልግ ነበር። ካርታው የሚዋጣው ተከድኖ ነው፤ ሁሉም ካዋጣ በኋላ ይደባለቅና ይገለጣል። ተስማሚው ካርታ አንድ ይደምራል፤ የማይስማማው አንድ ይቀንሳል።

እኔ ነዳጄን ሰስቼ ነበር። ባዶ እጄን መቀመጡ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ሁሉም የማንን እጅ እንደሚያይ አውቃለሁና። «የሌሎቹ ይበቃል» ብዬ በልቤ፥ አንድ የጠመንጃ ካርታ እንደ ነዳጅ አስመስዬ ከድኜ ጣልሁ። ካርታው ሲገለጥ አምስት ነዳጅና አንድ ጠመንጃ ሆነ። አምስት ሲቀነስ አንድ፥ አራት። ምንም ባልጥል ኖሮ ሰፈሩ ይድን ነበር።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ እየሣቀ «ብረት ነው! ብረት ደግሞ ከማን ቤት ይወጣል?» አለ። ሁላችንም ሣቅን።

ከአምስታችን የአንዱ አባት ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። በአገራችን ስለ ቀጥቃጭና ስለ ሸክላ ሠሪ ምን ሲባል እንደ ኖረ ከዚህ ያላችሁ ወላጆች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ቀን ሰው፥ ሌሊት ጅብ ይባላሉ፤ ልጅ ሲታመም ስማቸው ይነሣል። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር አናምንም፤ ስለ አጉል እምነት ጉዳት በዚሁ መድረክ የተናገርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሆኖም በዚያ ሻማ ብርሃን አራታችንም ወደ እርሱ ዞርን። እርሱም ከእኛ ጋር ሣቀ፤ ሣቁ ግን ከእኛ ቀድሞ ቆመ።

በጨዋታው ደንብ የተጠረጠረ ሰው በድምፅ ብልጫ ከሰፈሩ ይባረራል። አንዱ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቀ። ምክንያት ስንጠያየቅ፥ ዝም ብሎ ይቀመጣል አለ አንዱ፤ ዐይኑን ይሰብራል አለ ሌላው፤ ሦስተኛው «ብቻ እርሱ ይመስለኛል» አለ። ከሦስቱ አንዱም ከጨዋታው የተገኘ ማስረጃ አልነበረም። በመጽሐፍ ቅዱስ ዮናስን ወደ ባሕር የጣሉት መርከበኞች እንኳ አስቀድመው ዕጣ ተጣጥለዋል፤ እርሱንም ሥራህ ምንድር ነው ብለው ጠይቀውታል። እኛ ዕጣም አልጣልንም። እኔ ጠመንጃውን ማን እንደ ጣለው የማውቅ ብቸኛ ሰው ስሆን እጄን ከሌሎቹ ጋር አነሣሁ። አራት ለአንድ ሆነ።

የተባረረ ሰው አዲስ ምስጢራዊ ካርታ ይቀበልና ከሰፈሩ ውጭ ሆኖ ይጫወታል። እርሱም ካርታውን አነበበ፤ ሰዎቹን ወደ ሆስፒታሉ አዛወረ፤ ተራው ሲደርስም ምንም ሳይናገር ይጫወት ነበር። እኛ ከዳተኛውን ስላስወገድን ደስ ብሎን ነበር። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ሁለት ዙር ሲቀረው ሞራሉ አልቆ ወደቀ። ወዲያው ሁሉም ምስጢራዊ ካርታውን ገለጠ። ከዳተኛ አልነበረም፤ የከዳተኛው ካርታ ከታጠፉት መካከል በሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው።

ሦስቱ ጓደኞቼ «ወይ ጉድ!» ብለው ሣቁና ሻይ ቀዱ። የእኔ ካርታ «ነዳጅ» እያለ በገበታው ላይ ተገልጦ ሳለ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እርሱ ብቻ አንሥቶ ረጋ ብሎ አነበበው፤ መልሶም አስቀመጠው።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ አግኝቼው ነገርሁት።

«ቅዳሜውኑ አውቄአለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«እጅህን ስታነሣ ገና አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ጨዋታ ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። ቤት ስደርስ አባቴ እንዴት አመሻችሁ ሲሉኝ፥ ደኅና አመሸን አልኋቸው።»

የሚመለስ ቃል አጣሁ። ይህን ንግግር ለማድረግ ሳስብ አስቀድሜ ፈቃዱን ጠየቅሁት፤ ሁለት ቀን አስቦበት «ተናገር፤ ነገር ግን ደንቡን አታዛባ» አለኝ። ደንቡን ያዛባሁት እንደ ሆነ እነሆ ከፊታችሁ ተቀምጧል፥ ያርመኝ።

ለሦስቱ ጓደኞቻችንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ብረት የተናገረው ልጅ አቀርቅሮ ቆየና ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ የቀጥቃጩም ልጅ ተከትሎት ወጣ። በደጅ የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ሲመለሱ አምስታችንም ተቀመጥን፤ ካርታው ታደለ፤ እርሱም በስተቀኜ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ችግር የጠየቀው ምግብ ነበር። እኔ ካርታዬን ከመክደኔ በፊት ለእርሱ ላሳየው ብዬ ዘንበል ባደርገው፥ እጄን ገፋ አድርጎ «አይፈቀድም፥ ከድነህ ጣል» አለኝ።