ስድስት ነጥብና አንድ እጅ
ማየትና መስማት የተሳናቸው ልጆች የንባብ ታሪክ (በአያሃ፣ ሐርጌሳ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ዲስኩር)



ማየት የተሳናቸው ልጆች የንባብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከፓሪስ ይጀመራል። እኔ ግን ከእስክንድርያ ልጀምር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያች ከተማ ያስተማረው ሊቅ ዲዲሞስ ዓይኑ የጠፋው በሕፃንነቱ ነው። እንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ንባብ እንደተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን ጽፏል። መንገዱ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው፤ የጠፋው የሚከተለው ሰው ነው።

በአገራችን በኢትዮጵያ የቆሎ ተማሪ ዜማውንም ቅኔውንም በቃሉ ስለሚይዝ፣ ዓይነ ስውር ሊቅ መሆን ይችል ነበር። እዚህ ሐርጌሳም ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ይከበራል። ይሁን እንጂ ሊቁ ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያነብለት፣ ቅኔውን ብራና ላይ የሚያሰፍርለት ሌላ ሰው ይፈልጋል። ምስጢሩን ሁሉ ከሌላ ሰው ዓይን ጋር ተካፍሎ ይኖራል።

አሁን ወደ ፓሪሱ ታሪክ እንምጣ። የብሬል አጻጻፍ በስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ማየት የተሳነው የፈረስ ዕቃ ይሠራ በነበረው አባቱ ሱቅ ውስጥ ሲጫወት ዓይኑን በወስፌ ወግቶ ነው። ሻርል ባርቢየ የተባለ የጦር መኮንን የፈጠረውን በ12 ነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ወደ 6 ነጥብ ቀነሰው። ይህን ሲያደርግ፣ በ1824 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ 6 ነጥብ በአንድ ጣት ጫፍ ሥር ይገባል፣ 12 ግን አይገባም።

አጻጻፉን ላላያችሁ ላሳያችሁ። ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባለው መያዣ ይያዛል። ልጁ ስታይለስ በሚባል መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ጎልተው ይወጡና ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳሉ። እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ መጻፍ፣ አቅንቶ ማንበብ አለበት። ይህን የለመደ የሰባት ዓመት ልጅ ሳይ፣ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ስንት ነገር ቀሎልኝ እንደነበር አስባለሁ።

የእኛ ፊደል ለብሬል አስቸጋሪ ነበር። 6 ነጥብ የሚሰጠው 63 ጥምረት ብቻ ሲሆን፣ ፊደላችን ከ200 በላይ ቅርጽ አለው። መፍትሔው ተነባቢውንና አናባቢውን መለያየት ሆነ። «ሱ» በቀለም አንድ ቅርጽ ነው፤ በብሬል ግን መጀመሪያ የ«ስ»ን ድምፅ በነጥብ 2፣ 3 እና 4፣ ቀጥሎ የ«ኡ»ን በነጥብ 1፣ 3 እና 6 ይጽፉታል። በዚህ ምክንያት የብሬል መጽሐፍ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ይወደዳል።

የዘርፉ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያን የዓይነ ስውራን ትምህርት ጅምር ሚሲዮናውያን በ1925 እ.ኤ.አ. ገደማ በደምቢ ዶሎ ከከፈቱት ትምህርት ቤት ይቆጥሩታል። ፈንጣጣ በልጅነቱ ዓይኑን የወሰደበትና ለምኖ ያደገው ጊዳዳ ሶለን፣ ቄስ የሆነው በዚያው አካባቢ ነው። ልጁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በኋላ ሰበታ ያለው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ሻሸመኔ ያለው የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከተሉ። ከሻሸመኔው የወጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጥቂቶችን እጅግ በሚገባ አስተማሩ። የሚያሳዝነው ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

ሶማሊኛ ግን ቀደም ብዬ ያነሣሁት የፊደል ብዛት ችግር አልገጠመውም። በ1972 እ.ኤ.አ. የላቲን ፊደል ሲወሰንለት የላቲኑ ብሬል ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሆኖም ፊደል ያለ መምህር ምን ይሠራል? በ1988 እ.ኤ.አ. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ፣ ነዋሪው ሲሰደድ፣ ትምህርት ቤት የሚባለውም አብሮ ፈረሰ።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የሚሰማ ልጅ «ውሃ» የሚለውን ቃል ከማንበቡ በፊት ለዓመታት ሰምቶታል። የማይሰማው ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያየው ከማያውቀው ድምፅ የተሠራ ምልክት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋ፣ የምልክት ቋንቋ፣ ያስፈልገዋል፤ ንባቡ በዚያ ላይ ይቆማል። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል ተነባቢው በእጅ ቅርጽ፣ አናባቢው በእጅ እንቅስቃሴ ይታያል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የምንለው ሁሉ በአንድ እጅ ይነበባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ።

ወደዚህ አካባቢ ስንመለስ ደግሞ፣ ከሐርጌሳ ብዙም በማትርቀው ቦረማ፣ ጣሊያናዊቷ አናሌና ቶኔሊ በ1990ዎቹ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ስታክም የኖረች ሴት ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ተቋም የናንሰንን ሽልማት ሰጣት፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር እዚያው ቦረማ ውስጥ በጥይት ተገደለች።

ዛሬ ሁሉም «አካቶ ትምህርት» ይላል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ልጅ ከእኩዮቹና ከቤተሰቡ ተለይቶ ማደግ የለበትም። ግን ብሬል የማያነብ መምህር ፊት ዓይነ ስውር ልጅ ማስቀመጥ ማካተት አይደለም፣ ማስቀመጥ ብቻ ነው። «ስልኩ ያነብለታል» የሚሉም አሉ። በስልክ የሚሰማ ተማሪ ታሪኩን ይይዛል፤ «ሠራዊት» በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ ግን ጆሮው አይነግረውም፤ ቁጥሮችን አሰላልፎ ማስላትም በጆሮ አይሆንም። ስልክ ደስ የሚል ረዳት ነው፣ ፊደል ግን አይተካም።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ «ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ብሬል በጣቱ የሚያነብ፣ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ስሙን ካልነገሯችሁ ደግማችሁ ሂዱና ጠይቁ።